የጋሽ ደምሴ አንድ ብርጭቆ

ይህን የምጽፈው ውስኪ ለሚወዱም ለሚጠሉም ነው። ለመምከር አይደለም። አስተማሪ ስለሆንኩ የማውቀውን ነገር ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም፤ በመካከል ማብራሪያ ሲበዛባችሁ ታገሡኝ። የሆነውን ግን እንደሆነው አስቀምጣለሁ።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጠመኔዎቼን በቀለም ለይቼ የማስቀምጥ፣ ተማሪ «ለምን?» ሲለኝ ደስ የሚለኝ፣ ባይለኝም የምመልስ ሰው ነበርኩ። የምኖረው ከመሳለሚያ ዝቅ ብሎ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ከደመወዜ ጋር ፈጽሞ የማይሄድ አንድ ፍቅርም ነበረኝ፤ ሲንግል ሞልት ውስኪ።

ሲንግል ሞልት ማለት ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ ብቻ ተጠንስሶ የወጣ ውስኪ ነው። ከሌላ ፋብሪካ ምርት ጋር አይደባለቅም። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ብቅሉም ውኃውም ጋኑም በመጨረሻው ጣዕም ላይ እጃቸው አለበት። የስኮትላንዶቹ ጋን የእንጨት በርሜል ነው። ውስኪውን እዚያ ውስጥ ለዓመታት ያስተኙታል፤ ሲነቃ አንዱ ማር ማር ይላል፣ አንዱ የደረቀ በለስ፣ አንዱ ደግሞ የታጠነ ቤት።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከያሬድ ነው። ያሬድ የአንዲት ተማሪዬ አባት ሲሆን መርካቶ ውስጥ ሴራሚክና የእጅ መታጠቢያ ይሸጣል። ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሲሄድ ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። ብቻውን መጠጣት ስለማይወድ በየወሩ አንድ እሑድ ከሱቁ በላይ ባለው መጋዘን፣ በሴራሚክ ካርቶኖች መካከል ይሰበስበናል። አራት ነበርን።

ሦስተኛው ሰይድ ነው። ቤተሰቡ ከወሎ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው የቅመም ሱቅ አለው። ሰይድ አይጠጣም። የሚመጣው ለማሽተት ነው። ብርጭቆውን ከአፍንጫው ሥር ያሽከረክርና «ሄል አለው»፣ «ይሄ ቅርንፉድ ነክቶታል» ብሎ ይመልስልናል። ያሬድ «ቀመስ አድርገውና እርግጠኛ ሁን» ብሎ ሲፈትነው፣ «አፌ ጾመኛ ነው፤ ነጋዴው አፍንጫዬ ነው» ይለዋል።

አራተኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሱቃቸው ከሰይድ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ ሙሉ ልብስ ይሰፋሉ። ከቤት ሲወጡ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው «አንድ!» ይሏቸዋል። እሳቸውም መጋዘኑ በር ላይ ደርሰው ጣታቸውን ቀስረው «አንድ!» ይሉናል። በዚህ ጉዳይ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። እኛ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጠብታ ጠብታ ስንቀምስ፣ እሳቸው ከሁሉም አንዱን ይመርጡና እሱን ብቻ ሞላ አድርገን እንቀዳላቸዋለን።

አሁን ስለ አንዲት ልማዳችን ልንገራችሁ፤ ያለ እሷ ታሪኩ አይገባም። በየስብሰባው አንድ ጠርሙስ «እንግዳ» ይባላል። ያመጣው ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ይቀዳል። ሌላ ሰው ጠርሙሱን አይነካም፣ አያይም። ሁላችንም ቀምሰን አስተያየታችንን ስንጨርስ ብቻ ጨርቁ ይነሣል። ምክንያቱም የጠርሙስ ጽሑፍ ምላስን ያታልላል፤ ውድ መሆኑን ያወቀ ሰው ይጣፍጠዋል። ትክክለኛ ልማድ ነው፤ በዓለም ሁሉ ያሉ ቀማሾች እንዲሁ ያደርጋሉ። ነገር ግን እኛ የመርካቶ ሰዎች ነን። መርካቶ ውስጥ ካልሲ እንኳን ሳይለጠጥ አይገዛም፤ ሸማች ጨርቁን ፀሐይ ላይ ያወጣል፣ ሳህኑን በጣቱ ያንኳኳል። እኛ ግን ወደ ሆዳችን የሚገባውን ነገር ክዳኑ እንዴት እንደተከፈተ ሳናይ መጠጣትን እንደ ሥልጣኔ ቆጥረነው ነበር።

የዚያን እሑድ እንግዳውን ያመጣው ያሬድ ነው። ጋሽ ደምሴ ለቅሶ ደርሰው ስለመጡ ዘገዩ፤ እኛ ሦስት ጠርሙስ አሽትተንና ቀምሰን ነበር።

«አንድ!» አሉ በሩ ላይ።

«ዛሬስ አንዱ እንግዳው ይሁንልዎት» አላቸው ያሬድ። «አይቆጭዎትም።»

ጀርባውን ሰጥቶን ቀዳ። ለእኔና ለራሱ ትንሽ፣ ለሰይድ ማሽተቻ ያህል፣ ለጋሽ ደምሴ ሞላ አድርጎ።

ሰይድ ቀድሞ አሸተተ። «ዝምተኛ ነው» አለ። «ይመጣና ቶሎ ይሄዳል።»

«ቀጭን ነው» አልኩ እኔ። «መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጣፍጣል።»

ጋሽ ደምሴ ጎንጨት አሉና አሰቡ። «ልክ ከላይ ጨርቁ ያማረ፣ ገበሩ ርካሽ የሆነ ኮት። ስትለብሰው ነው የምታውቀው።»

«እንግዲያው ይመልሱታ!» አለ ያሬድ፣ ፊቱ እየጠቆረ።

«የቀዳህልኝን አልመልስም። አንድ ናት ያለችኝ፤ አንዷን ደግሞ ማን ይሰጠኛል?» ብለው ሳቁ።

ያሬድ ጨርቁን አነሣው። ከመካከላችን ማንም ገዝቶት የማያውቅ፣ ረጅም ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛ፣ ስሙ የታወቀ ውስኪ ነበር። ከዚያ ጽሑፍ በኋላ መጥፎ ነው የሚል ሰው አልነበረም።

«ጉሮሯችሁ ነው ያልሠለጠነው» አለ ያሬድ።

ጋሽ ደምሴ ብርጭቋቸውን እስከ ታች ጠጥተው፣ ሰዎች ይጠብቁኛል ብለው ሄዱ። ያሬድ ቅር ስላለው ያንን ጠርሙስ ወደ ጎን አደረገና የምንወደውን ሌላ ከፈተ። እኔና እሱ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠጣን፤ ሰይድ እያሸተተ ይቀልድብን ነበር።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ የተማሪዎች ፈተና ሳርም ሰይድ ደወለ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ጉም አለ እንዴ?»

በመስኮት አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። «የምን ጉም?»

«እኔም የለም አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ መነጽራቸውን ሲጠርጉ አየኋቸውና ምነው ብዬ ተሻገርኩ። ሱቁ ውስጥ ጉም ገብቷል አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አሁን መርፌ ላይ ክር መክተት አቅቷቸዋል።»

«ሌላስ? ሆዳቸውን ያማቸዋል?»

«ሲነጋጋ አስመልሷቸዋል። ራሴንም ወጋኝ ብለዋል። ስካር ነው እንዳልል አንድ ናት የጠጡት።»

እስክሪብቶዬን ክዳኑን ገጥሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አውቄ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። ወረቀቶቹን ደርድሬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ።

«ሰይድ፣ አሁኑኑ መኪናህ ላይ አውጥተህ ሆስፒታል ውሰዳቸው። ሱቁን ማን ይጠብቅ እንዳትል። እኔ ከያሬድ ጋር ጠርሙሱን ይዤ እመጣለሁ።»

«የእንግዳውን?»

«የእንግዳውን።»

ያሬድ ጋ ስደርስ ደንበኛ እያነጋገረ ነበር። ስነግረው መጀመሪያ ተቆጣ። «ከማውቀው ሰው ነው የገዛሁት! እኔም ጠጥቻለሁ፣ አንተም ጠጥተሃል፤ ይኸው ቆመናል!» ካለ በኋላ ወደ መጋዘኑ ወጣ። ጠርሙሱን መስኮቱ ጋ አስጠግተን ለመጀመሪያ ጊዜ ክዳኑን አየነው። የአንገቱ ማሸጊያ ቀለበት ቀድሞ ተቀድዶ በሙጫ ተለጥፏል። ማንም ሕፃን የሚያየው ነገር ነበር። ያሬድ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ክንዱን ይዤ አስነሣሁት።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም የጋሽ ደምሴን ዓይን በባትሪ እያየች ነበር። ጠርሙሱን ሰጥቻት «ሜታኖል ይመስለኛል» አልኳት።

«ሐኪም ነህ?»

«የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ።»

«እንግዲያው ለጓደኞችህ አንተ አስረዳልኝ፤ እኔ ልሥራ።»

ኮሪደሩ ላይ ለሰይድና ለያሬድ አስረዳሁ። ለእናንተም እንደዚያው ልበላችሁ። ሜታኖል የመጠጥ አልኮል ወንድም ነው፤ በመልክም በጠረንም ይቀራረባሉ፤ በምላስ ለይቼዋለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ሐሰተኛ መጠጥ የሚሠሩ ሰዎች ርካሽ ስለሆነ ይቀላቅሉታል። ጉበታችን ውስጥ ሁለቱንም ጭነት የሚያራግፍ አንድ ወዛደር አለ በሉ። የሚያጠፋን ሜታኖሉ ራሱ አይደለም፤ ወዛደሩ ሲያራግፈው የሚወጣው አሲድ ነው። ያ አሲድ መጀመሪያ ዓይን ላይ ይወጣል። ነገር ግን ሁለቱ ጭነቶች አንድ ላይ ከመጡ፣ ወዛደሩ ሁልጊዜ የመጠጡን ያስቀድማል። ሜታኖሉ ወረፋ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ሳይራገፍ ቀስ በቀስ ከሰውነት ይወጣል።

ይህን ስናገር ምን እያልኩ እንደሆነ ለራሴም ገባኝ። እኔና ያሬድ የቀመስነው ትንሽ ነው፤ ከላዩም እስኪመሽ ንጹሕ ውስኪ ጠጥተንበታል። ጋሽ ደምሴ ሙሉውን ጠጡ። ከላዩ ምንም አልጨመሩም።

ሰይድም ገባው። «ስለዚህ እናንተን ያዳናችሁ...» ብሎ አልጨረሰውም።

ሐኪሟ ወጣች። «የሚወጋው ማርከሻ እጃችን ላይ የለም። ደም የሚያጥበው መሣሪያ ሰው ይዞታል፤ እስኪለቀቅ በአፍ አልኮል እንሰጣቸዋለን። የጠጣችሁት ሁለታችሁም ለምርመራ ደም ትሰጣላችሁ። ምንጩ የታወቀ፣ ያልተከፈተ መጠጥ ማምጣት ትችላላችሁ?»

ያሬድ ወዲያው ወጣ። ሲመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያ በገዛ እጁ የገዛውን፣ ለሴት ልጁ ሠርግ ያስቀመጠውን ጠርሙስ ይዞ ነበር። ሐኪሟ ክዳኑን አገላብጣ አየች። እኔም አየሁ። ሰይድም አየ። ከዚያ እሷ መጠኑን ወሰነች፤ ሰዓቱንም ወሰነች። ይህ በሐኪም እጅ በልኬት የሚሰጥ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

እኔና ያሬድ ለምርመራው ደም እየሰጠን ስለነበር፣ የሚቀዳው ሰይድ ሆነ። ያንን ውድ ውስኪ በፕላስቲክ ኩባያ ከውኃ ጋር ቀላቅሎ የጋሽ ደምሴ ከንፈር ላይ አስጠጋ።

«ማነህ?» አሉ።

«ሰይድ ነኝ።»

«አንተ? ለእኔ ብለህ ይሄን ያዝክ?»

«መድኃኒት ነው። ይጠጡ።»

ጎንጨት አሉ። አፋቸው ውስጥ እንደ ልማዳቸው አሽከረከሩት። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር፤ ጣሪያውን ግን አያይም።

«ጭስ» አሉ። «ከሥሩ ጨው አለው። የስኮትላንድ ደሴቶቹ ነው። ያሬድ!»

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄን ለሠርግ ነው ያልከን። ምን ነካህ?»

ያሬድ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«መምህር፣ አለህ? ቀለሙን ንገረኝ። ሳላየው ነው እኮ የምፈርደው።»

«የማር ቀለም ነው» አልኳቸው። «የነጭ ማር አይደለም፤ ቀይ ያለው።»

«ገበሩም ሐር ነው» አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋና «አስካለ ሁለተኛ ስጠጣ ካየች...» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ዋለ። ሰዓቱ ሲደርስ ሰይድ ይቀዳል፣ እሳቸው ይጠጣሉ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሰማቸውን ይናገሩ ነበር፣ በኋላ ተዉት። ሐኪሟ በየመካከሉ ጣቷን ከፊታቸው ታንቀሳቅሳለች፤ እኛ መልሱን ከእሳቸው አፍ እንጠብቃለን። አንዴ «ጥላ አየሁ» አሉ። አንዴ ምንም አላሉም። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ከላይ ወደ ታች ደጋግሜ አነብ ነበር። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ዓይኔ ደረቅ ነበር፤ የደነዘዘ ጥርስ ላይ ምላስ ሲያርፍ እንደሚሰማው፣ ነገሩ እዚያ አለ፣ ስሜቱ የለም።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ያኔ ነው። መጀመሪያ ባላቸው ጋ ገቡ። ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ። «አስካለ፣ አታልቅሺ። አንድ ናት የጠጣሁት፤ ጠይቂያቸው። አንድ ባትይኝ ኖሮ ዛሬ ተቀብሬ ነበር። አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ።»

ሰይድ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

እትዬ አስካለ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ከፊቴ ቆሙ። «መምህር፣ አንተም ጠጥተሃል?»

«አዎ እትዬ።»

«ያሬድም?»

«አዎ።»

«ደማችሁን አዩት?»

«ደህና ነው ብለውናል።»

«ታዲያ ለምን እሱ ብቻ? እሱ ከሁላችሁ ያነሰ አይደለም እንዴ የሚጠጣው? አንተ የተማርክ ነህ፤ አስረዳኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ የምለምን ሰው ነበርኩ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ወዛደሩም ጭነቱም ወረፋውም። ከሰዓታት በፊት ለሁለት ሰዎች አስረድቼዋለሁ።

«አላውቅም እትዬ» አልኳቸው።

ለአፍታ አዩኝና ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ደም የሚያጥበው መሣሪያ በመጨረሻ ተለቀቀ። ጋሽ ደምሴ ተረፉ። ዓይናቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ በጎን በኩል የሚንቀሳቀስ ነገር ይታያቸዋል፤ ሰውን ቀጥ ብለው ሲያዩት ግን ፊቱ የሚገኝበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር ተቀምጧል። መርፌና ክር፣ የሰው ፊት፣ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚያ ግራጫ ውስጥ ነው ያለው። ሐኪሟ ከዚህ በላይ እንዳንጠብቅ ነገረችን።

ያሬድ ለፖሊስ አመለከተ። ጠርሙሱን የሸጠለት ሰው ስልክ አይሠራም፤ ይሸጥበት የነበረው ኮንቴይነርም ተነሥቷል። የእሑዱ ስብሰባ ይቅር ያለ ሰው የለም፤ ቀረ። ያሬድ የቀሩትን ጠርሙሶች ምን እንዳደረጋቸው አልጠየቅኩትም።

ገጠመኙ ምን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ክዳን ማየት አስተምሮኛል፤ ያ ግን ለማንም በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር ነው። የከበደኝ ሌላው ነው። ልከኛው ሰው ተጎዳ፤ ያላበዛው ተጎዳ። ለዚህ በኬሚስትሪ በኩል ጥርት ያለ መልስ አለኝ፤ በሌላ በኩል የለኝም። ክፍል ውስጥ ተማሪ «ለምን?» ሲለኝ አሁንም እመልሳለሁ፤ ግን ቀድሞ የነበረው ደስታ አብሮ አይመጣም። ከመመለሴ በፊት የጠያቂውን ፊት አያለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር ዝምተኛ ሆነ» ይላሉ አሉ። እናንተስ እዚያ ኮሪደር ላይ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እውነቱን እነግራቸው ነበር የሚል ካለ አልፈርድበትም። እኔም ቆይቼ እንደዚያ አስቤአለሁ።

ይህን ለመጻፍ ስነሣም የእትዬ አስካለን ነገር ከጀርባቸው ማውራት ሆኖ ተሰማኝ። በአንድ ቅዳሜ ወደ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ሄድኩ። አሁን ስፌት መኪናው ላይ የሚቀመጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ጋሽ ደምሴ ከውስጥ በኩል ተቀምጠው ለአንድ ደንበኛ ጨርቅ በጣታቸው እያሻሹ ጥራቱን ይነግሩታል። ለእትዬ አስካለ ዝቅ ባለ ድምፅ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያን ቀን አላውቅም ያልኩት እያወቅሁ መሆኑንም ነገርኳቸው።

እትዬ አስካለ መኪናውን አቆሙ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ሐኪሟን ጠይቄአት ነበር» አሉ። «አንተ ጋ ከመምጣቴ በፊት ነው። የጠየቅኩህ እሷ ተሳስታ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ከውስጥ የጋሽ ደምሴ ድምፅ መጣ፤ ለደንበኛው ታሪኩን እየነገሩት ነበር። «...ሌሎቹማ ዕድላቸው ነው። እኔን ግን ያተረፈችኝ እሷ ናት፤ ያቻትልህ፣ አንድ ብቻ ብላ።»

ደንበኛው ዞሮ እትዬ አስካለን በአክብሮት አያቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡት።

«በየቀኑ ነው የሚለው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ካልፈለጉ አልጽፈውም።»

አዲስ ክር አነሡ። የመርፌዋን ዓይን ወደ ብርሃኑ አዙረው ክሩን ከተቱ።

«ጻፈው» አሉኝ። «የማነብለት እኔ ነኝ።»